ደንብ ሲያጥርና ሲረዝም

የድርሰት ትምህርት፦ የጨዋታ ደንብ አጻጻፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ካጠናችሁ በኋላ፥
ሀ. ግልጽ የሆነን ደንብ ግልጽ ካልሆነው ለይታችሁ ታሳያላችሁ፤
ለ. አንድ ደንብ መቼ ሊጨመር፥ መቼስ ሊቀነስ እንደሚገባ ምክንያት ሰጥታችሁ ታስረዳላችሁ፤
ሐ. ሁኔታን የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮችን በትክክል እየተጠቀማችሁ አጭር የጨዋታ ደንብ ትጽፋላችሁ።

በዚህ ትምህርት የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ከተለያየ አካባቢ የመጡ ሁለት ልጆች በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ገበጣ መጫወት ጀመሩ እንበል። ጉድጓዶቹ ተዘጋጅተዋል፤ ጠጠሮቹም እኩል ተከፍለዋል። አንደኛው ልጅ ጠጠሮቹን እየዘራ ሲሄድ የመጨረሻዋ ጠጠር ሌሎች ጠጠሮች ባሉበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች። ልጁም እነዚያን ጠጠሮች አንሥቶ መዝራቱን ቀጠለ። ሁለተኛው ልጅ ግን «ተራህ አልቋል፤ አሁን የእኔ ነው» ብሎ እጁን ያዘው። ከሁለቱ አንዳቸውም አላጭበረበሩም። እያንዳንዱ የሚናገረው በሰፈሩ የለመደውን ነው። ገበጣ በየአካባቢው ልዩ ልዩ ደንብ ያለው ጨዋታ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ የተሰበሰቡ ብዙ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል።

የሁለቱ ልጆች ጠብ የመነጨው ሳይነገር ከቀረ አንድ ደንብ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትነገር ኖሮ ጠቡ ባልተነሣም ነበር። ታዲያ ደንብን ሁሉ አስቀድሞ ዘርዝሮ መጻፍ ይሻላል ማለት ነውን? ለዚህ ጥያቄ ቸኩላችሁ «አዎን» ብላችሁ እንዳትመልሱ። ደንብ ሲያንስ ጠብ ይነሣል፤ ደንብ ሲበዛ ደግሞ ጨዋታው ይሞታል። በዚህ ትምህርት የምንመረምረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መካከለኛ መንገድ ነው። ለምርመራችን የመረጥነውም ይህ ችግር ከማንኛውም ጨዋታ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበትን የሚና ጨዋታ ነው።

2. የሚና ጨዋታ ምንድን ነው?

የሚና ጨዋታ ማለት ጥቂት ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፥ በቃል እየተነጋገሩ፥ አንድ ታሪክ በጋራ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። ከእነርሱ አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል። መሪው የታሪኩን ቦታ ይገልጻል፤ በመንገድ የሚያጋጥሙትን ሰዎችና አራዊት ወክሎ ይናገራል፤ ክርክር ቢነሣም ይዳኛል። ሌሎቹ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ። አንዱ አዳኝ፥ ሌላዋ ሐኪም፥ ሦስተኛው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። መሪው «ወንዙ ሞልቷል፤ ድልድዩም ፈርሷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ተጫዋቾቹ የየገጸ ባሕርያቸውን ድርጊት ይናገራሉ።

ድርጊቱ መሳካቱ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይጣላል። ዳይስ በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት፥ ከጠጠር የማይበልጥ ትንሽ ዕቃ ነው። በብዛት የሚታወቀው ስድስት ገጽ ያለው ነው፤ ሃያ ገጽ ያለውም አለ።

ይህን ጨዋታ ከገበጣ የሚለየው ነገር ምን እንደ ሆነ ልብ በሉ። በገበጣ ተጫዋቹ ማድረግ የሚችለው ነገር የተወሰነ ነው፤ አንዱን ጉድጓድ መርጦ ጠጠሮቹን ይዘራል። ስለዚህ የገበጣ ደንብ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ተነግሮ ያልቃል፤ ጨዋታው ግን ዕድሜ ልክ ቢጫወቱት የማይሰለች ነው። ደንቡ ቀላል ሆኖ ጨዋታው ጥልቅ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። በሚና ጨዋታ ግን ተጫዋቹ ያሰበውን ሁሉ «አደርጋለሁ» ሊል ይችላል። ይዋኛል፥ ይደራደራል፥ ዛፍ ቆርጦ ድልድይ ይሠራል፥ ወይም ወንዙ እስኪጎድል ተኝቶ ይጠብቃል። የሰው ሐሳብ ሁሉ አስቀድሞ ታውቆ ደንብ ሊወጣለት አይችልም። ስለዚህ የሚና ጨዋታ ደንብ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚጽፍ ብቻ ሳይሆን ምን ሳይጽፍ እንደሚተውም መወሰን አለበት።

3. ደንብ በዝቶ፥ ደንብ አንሶ

ይህ ጥያቄ ከሚና ጨዋታ በፊት የነበረ ነው። በ1824 ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ለጦር መኮንኖች ማሠልጠኛ የሚሆን የጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳተመ። ጨዋታው በካርታ ላይ የሚካሄድ ሲሆን፥ የጦሩ ጉዞና ጉዳት በሠንጠረዥና በዳይስ እየተሰላ ይወሰን ነበር፤ በመካከልም ዳኛ ነበረው። ጨዋታው በፕሩሲያ ጦር ዘንድ ተወደደ። ይሁን እንጂ ስሌቱና ሠንጠረዡ ጨዋታውን አዘገየው። መኮንኖቹ ስለ ጦርነት ከማሰብ ይልቅ ቁጥር በመደመር ጊዜያቸውን ያሳልፉ ጀመር።

በ1876 ዩሊዩስ ፎን ቨርዲ ዱ ቨርኗ የተባለ ሌላ የፕሩሲያ መኮንን አብዛኛው ደንብ ቀርቶ ዳኛው ከልምዱ ተነሥቶ እንዲወስን የሚጠይቅ መጽሐፍ አወጣ። በዚህ መንገድ ጨዋታው ፈጠነ። ነገር ግን አንድ ግዴታ ተከተለው፤ ይኸውም ዳኛው ጦርነትን በሚገባ የሚያውቅና በሁለቱም ወገን የሚታመን መሆን ነበረበት። ዳኛው ዕውቀት ከሌለው ወይም ካዳላ፥ ደንብ የሌለው ጨዋታ የአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ደንብ የዳኛን ዕውቀት የሚተካ ነገር ነው ማለት እንችላለን። ዐዋቂ ዳኛ ባለበት ቦታ ጥቂት ደንብ ይበቃል፤ ለጀማሪ ዳኛ ግን ደንቡ ከፍ ያለ እርዳታ ይሰጣል።

ዛሬ የሚና ጨዋታ በሚል ስም የሚታወቀው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ ለገበያ የቀረበው በ1974 በአሜሪካ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች ያዘጋጁት ይህ ጨዋታ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ደንቡ በአንድ ሣጥን ውስጥ በተቀመጡ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት የተጻፈ ነበር፤ በመጀመሪያ የታተመውም አንድ ሺህ ቅጂ ያህል ነው። መጻሕፍቱ አጫጭር ቢሆኑም ለብዙ አንባቢ አስቸጋሪ ሆኑበት። ደራሲዎቹ አንባቢው በ1971 ታትሞ የነበረውን ቼይንሜይል የተባለ የጦርነት ጨዋታ ደንብ አስቀድሞ የሚያውቅ አድርገው ቆጥረውት ነበርና፥ ይህን የማያውቅ ሰው መጻሕፍቱን ቢያነብም ጨዋታውን መጀመር ያዳግተው ነበር።

በዚህ ምክንያት በአሪዞና ይኖር የነበረው ኬን ሴንት አንድሬ በ1975 ተነልስ ኤንድ ትሮልስ የተባለ ሌላ የሚና ጨዋታ አዘጋጅቶ አወጣ። ልዩ ልዩ ዓይነት ዳይስ መፈለግ እንዳያስፈልግ በማለትም ጨዋታው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ብቻ እንዲጠቀም አደረገ። እንደገናም በ1977 ኤሪክ ሆምስ የተባለ የነርቭ ሐኪም የመጀመሪያውን የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ደንብ ለጀማሪዎች እንዲገባ አድርጎ በአንድ መጽሐፍ አሰናዳው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። አጭር መሆንና ቀላል መሆን አንድ አይደሉም። የ1974ቱ ደንብ አጭር ነበር፤ ቀላል ግን አልነበረም። የጎደለውን የሚሞላው አንባቢው ራሱ ስለ ነበር፥ ጸሐፊው የቆጠበው ድካም ወደ አንባቢው ተላለፈ።

4. ሦስት ደንብ ለአንድ ወንዝ

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» እንደሚባለው፥ ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ገጸ ባሕርይ የሞላ ወንዝ መሻገር ፈለገ። ለዚህ ድርጊት የተጻፉትን የሚከተሉትን ሦስት ደንቦች በጥሞና አንብቡ።

የመጀመሪያው ደንብ፦
«ወንዝ ለመሻገር ዳይስ ይጣላል፤ ጥሩ ከወጣ ይሻገራል።»

ሁለተኛው ደንብ፦
«ገጸ ባሕርይ ወንዝ ሲሻገር የውሃው ጥልቀት በክንድ ተለክቶ በሦስት ተባዝቶ፥ የውሃው ፍጥነት ከሠንጠረዥ ታይቶ ተደምሮ፥ የሸክሙ ክብደት በኪሎ ተመዝኖ ለአምስት ተካፍሎ፥ ልብሱ የጥጥ እንደ ሆነ 1፥ የሱፍ እንደ ሆነ 2 ተጨምሮ፥ ነፋስ ቢኖር ከሌላ ሠንጠረዥ የተገኘው ቁጥር ተቀንሶ፥ ከድምሩ የገጸ ባሕርዩ ጉልበት ተነሥቶ፥ የቀረው ከዳይሱ ቁጥር ጋር ተነጻጽሮ ቢያንስ ይሻገራል።»

ሦስተኛው ደንብ፦
«ገጸ ባሕርይ ሸክም ይዞ የሞላ ወንዝ ሲሻገር ተጫዋቹ አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጥላል። 4፥ 5 ወይም 6 ቢወጣ ገጸ ባሕርዩ ከነሸክሙ ይሻገራል። 1፥ 2 ወይም 3 ቢወጣ ገጸ ባሕርዩ ወደ ተነሣበት ዳር ይመለሳል፤ ሸክሙንም ውሃ ይወስደዋል። ከማዶ የታሰረ ገመድ ካለ ተጫዋቹ ሁለት ዳይስ ጥሎ ከሁለቱ ትልቁን ቁጥር ይይዛል። ገጸ ባሕርዩ ሸክሙን ከዳር ትቶ ቢሻገር ዳይስ አይጣልም፤ ይሻገራል።»

የመጀመሪያው ደንብ ለማስታወስ ቀላል ነው። ነገር ግን ዳይሱን የሚጥለው ማን ነው? «ጥሩ» የሚባለውስ የትኛው ቁጥር ነው? ካልተሳካለትስ ገጸ ባሕርዩ ምን ይሆናል፥ ይሞታል ወይስ ይመለሳል? ደንቡ ለእነዚህ መልስ ስለሌለው መሪው በየጊዜው የፈለገውን ይወስናል። ዛሬ 3 የወጣለት ጓደኛው ሲሻገር፥ ነገ 3 የወጣለት ሌላው ተጫዋች ይሰምጥ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚጎዳው መሪውን ለመከራከር የማይደፍረው፥ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ተጫዋች ነው።

ሁለተኛው ደንብ ምንም ያልዘነጋ ይመስላል። ሆኖም አንድ ወንዝ ለመሻገር ሁለት ሠንጠረዥ ማየት፥ ማባዛት፥ ማካፈልና መቀነስ ያስፈልጋል። ተጫዋቾቹ ስሌቱ እስኪያልቅ ሲጠብቁ የታሪኩ ግለት ይበርዳል። በዚህ ደንብ የሚጎዳው ደግሞ አዲስ መጪው ነው፤ ሠንጠረዡን አስቀድሞ ያጠና ሰው ሁልጊዜ ይበልጠዋልና። ከዚህም ሌላ መጨረሻውን ደግማችሁ አንብቡት። «ቢያንስ» የሚለው የቀረውን ቁጥር ነው ወይስ የዳይሱን? ደንቡ ይህን ያህል ረዝሞም ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ሳይናገር ቀርቷል።

ሦስተኛው ደንብ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ነገር ግን የጨመረው ርዝመት ሥራ አለው። ሐኪሟን የምትጫወተዋ ልጅ በዚህ ወንዝ ዳር ቆማለች እንበል። ሸክሟ መድኃኒት ነው፤ ከማዶ በሽተኛ ይጠብቃታል። ያለ ገመድ ብትሻገር የመሳካት ዕድሏ ከሁለት አንድ ነው፤ ቢከሽፍባት መድኃኒቱን ውሃ ይወስደዋል። ሸክሟን ትታ ብትሻገር ራሷ ትደርሳለች፤ መድኃኒቱ ግን ከዳር ይቀራል። አንድ ጓደኛዋ ሸክሙን ትቶ አስቀድሞ ቢሻገርና ገመዱን ከማዶ ቢያስርላት ግን ዕድሏ ከአራት ሦስት ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን ዘዴ በደንቡ ውስጥ ማንም አልጻፈላቸውም። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አገናኝተው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያገኙታል። ጥሩ ደንብ እንዲህ ያለውን ሐሳብ የሚያፈራ ነው።

5. ለደንብ የሚከፈል ዋጋ

እያንዳንዱ ደንብ ዋጋ አለው። ዋጋውን የሚከፍለውም ደንቡን አንብቦ መረዳት፥ በቃሉ መያዝና በጨዋታው መካከል ማስታወስ ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ ደንብ ከመጨመራችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

ሀ. ይህ ጥያቄ በጨዋታው ላይ በእውነት ይነሣልን?
ለ. መሪው በራሱ ፈቃድ ቢወስነው ከተጫዋቾቹ አንዱ በደል ይሰማዋልን?
ሐ. ደንቡ ለተጫዋቹ አዲስ ምርጫ ይሰጠዋልን?

ለሦስቱም ጥያቄዎች መልሱ «አይደለም» የሆነ እንደ ሆነ ደንቡ ይቅር። ቢያንስ ለአንዱ መልሱ «አዎን» ከሆነ ደንቡ ለመጻፍ የሚገባ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ይህንኑ ሥራ በጥቂት ድካም የሚሠራ ሌላ ደንብ እንዳይኖር ፈልጉ። የልብሱ ዓይነት ጥጥ ወይም ሱፍ መሆኑ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም፤ የሚያስቀይምም፥ ምርጫ የሚሰጥም አይደለም። ገመዱ ግን ምርጫ ይሰጣል። ዳይሱ ስንት ሲወጣ እንደሚሳካ መወሰኑም ቅሬታን ያስቀራል።

በዚህ ረገድ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ደንብ በየጊዜው የታረመበት መንገድ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ከብዙዎቹ ማሻሻያዎች ሦስቱን እንመልከት።

አንደኛ፥ በቀድሞው ደንብ የገጸ ባሕርዩ የብረት ልብስ በተሻለ መጠን የመከላከያው ቁጥር ያንስ ነበር። ለጀማሪ ይህ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ «የተሻለው» ሁሉ «የበለጠ» ነው ብሎ ማሰብ የሰው ልማድ ነውና። በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ቁጥሩ ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ የብረት ልብሱ በተሻለ መጠን ቁጥሩም ይበልጣል፤ የሚመታው ተጫዋች ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ጥሎ፥ የችሎታውን ቁጥር ደምሮ፥ ድምሩ ከመከላከያው ቁጥር እኩል ቢሆን ወይም ቢበልጥ ይመታል። እዚህ ላይ ከጨዋታው አንዳች የጎደለ ነገር ሳይኖር ድካሙ ብቻ ቀነሰ። እንዲህ ያለውን ማቅለል ያለ ምንም ማመንታት መቀበል ይገባል።

ሁለተኛ፥ በዚያው በሦስተኛው እትም አንድ ገጸ ባሕርይ ሌላውን ጨብጦ ለመያዝ ቢሞክር የሚከተለው ሥርዐት ረጅም ነበር። በመጀመሪያ የሚያዘው ወገን ቀድሞ የመምታት ዕድል ሊያገኝ ይችላል፤ ቀጥሎ ያዡ ተጋጣሚውን ለመንካት ዳይስ ይጥላል፤ ከነካው በኋላ ሁለቱም ዳይስ ጥለው ቁጥራቸውን ያወዳድራሉ። በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም ግን ሁለቱ ወገኖች አንድ ጊዜ ዳይስ ጥለው እንዲያወዳድሩ ብቻ ተደረገ። በዚህ ማሻሻያ የጠፋ ነገር አለ፤ ለመያዝ የሚጠጋ ሰው ቀድሞ የመመታት አደጋ ቀርቶለታል። ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ የሆነ ትግል ፈጣን ነገር ስለ ሆነ፥ በዝርዝር ከሚገኘው ጥቅም ይልቅ በፍጥነት የሚገኘው ጥቅም ተመረጠ።

ሦስተኛ፥ በዚሁ በአምስተኛው እትም ሁኔታው ለገጸ ባሕርዩ የተመቸ ሲሆን ተጫዋቹ ሁለት ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ጥሎ ትልቁን ቁጥር፥ ያልተመቸ ሲሆን ትንሹን ቁጥር እንዲይዝ ተደነገገ። ቀደም ሲል በየምክንያቱ ይደመሩና ይቀነሱ ከነበሩት ትንንሽ ቁጥሮች ብዙዎቹን ይህ አንድ ደንብ ተካቸው። ለምሳሌ 11 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ተጫዋች በአንድ ዳይስ ያለው ዕድል ከመቶ 50 ሲሆን፥ ከሁለት ትልቁን ሲይዝ ከመቶ 75 ይሆናል። እርግጥ ነው፤ በዚህ ደንብ ሁለት የተመቹ ሁኔታዎች ከአንድ የተመቸ ሁኔታ አይበልጡም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመና፥ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ቆሞ ጓደኛም የሚረዳው፥ ሁለቱ እኩል ይቆጠራሉ። ይህ ለቀላልነቱ የተከፈለ ዋጋ ነው። ዋጋው ይበዛል የሚሉ ተጫዋቾች አሉ፤ እናንተም በክፍል ውስጥ ተከራከሩበት።

6. የደንብ ዐረፍተ ነገር ሰዋስው

ጥሩ አሳብ ያለው ደንብ በመጥፎ ዐረፍተ ነገር ሊበላሽ ይችላል። ደንብ ስትጽፉ የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች ጠብቁ።

ሀ. በአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ሁኔታ ይነገር። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሁኔታዎቹ በተደራረቡ መጠን አንባቢው ሁሉንም በአእምሮው ይዞ እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት። የወንዙ ሁለተኛ ደንብ አድካሚ የሆነው ስሌቱ ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ «ተለክቶ፥ ተባዝቶ፥ ታይቶ፥ ተመዝኖ» እያለ ማሰሪያውን ስላዘገየም ነው።

ለ. የድርጊቱ ባለቤት ይታወቅ። «ይጥላል» የሚለው ግስ ባለቤቱን በውስጡ የያዘ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ስሙን ሳንጠራ እናልፋለን። በተራ ንግግር ይህ አያስቸግርም። በደንብ ግን መሪውም፥ ተጫዋቹም፥ ገጸ ባሕርዩም «እርሱ» ሊባሉ ስለሚችሉ «ዳይስ ጥሎ ይነግረዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ማን ለማን እንደሚነግር አያሳውቅም።

ሐ. «ሲ» እና «ቢ» ይለዩ። «ወንዝ ሲሻገር» ያልን እንደ ሆነ ድርጊቱ በሚፈጸምበት ጊዜ ሁሉ ማለታችን ነው። «4 ቢወጣ» ያልን እንደ ሆነ ግን ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር ነው። ደንቡ የሚሠራበትን ጊዜ በ«ሲ»፥ ውጤቱን በ«ቢ» መለየት አንባቢውን ይረዳዋል።

መ. የቁጥር ወሰን አያሻማ። «ከ4 በላይ ቢወጣ» ማለት 4ን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? አንዱ ይጨምራል፥ ሌላው አይጨምርም ይላል። «4 ወይም ከ4 በላይ» ወይም «4፥ 5 ወይም 6» ብሎ መጻፍ ክርክሩን ያስቀረዋል።

ሠ. ግዴታ፥ ፈቃድና ክልከላ ይለዩ። «መጣል አለበት» ግዴታ ነው፤ «መጣል ይችላል» ፈቃድ ነው፤ «መጣል አይፈቀድለትም» ክልከላ ነው። እንዲሁም አንዱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ስም ጥሩት። በልብ ወለድ ድርሰት አንድን ቃል ደጋግሞ ላለመጻፍ «ሸክም፥ ጓዝ፥ ዕቃ» እያሉ ማፈራረቅ ያማረ ነው። በደንብ ግን አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮች የተነገሩት ይመስለዋል።

7. ማጠቃለያ

ደንብ የሚጻፈው አብረው ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። እጅግ ያጠረ ደንብ ሥልጣኑን ሁሉ ለመሪው ይሰጣል፤ እጅግ የረዘመ ደንብ ደግሞ ሥልጣኑን ላጠናው ሰው ይሰጣል። በሁለቱም ገበታ ላይ አንድ ሰው ሳይጫወት ተቀምጦ ይውላል። ጠብ የሚነሣበትን ቦታ ለይቶ በግልጽ ዐረፍተ ነገር የሚዘጋ፥ ምርጫ የሚገኝበትን ቦታ ለይቶ የሚከፍት፥ የቀረውን ለመሪው ፍርድና ለተጫዋቾቹ ሐሳብ የሚተው ደንብ ግን ሁሉንም ያጫውታል።

ይህ ችሎታ ከጨዋታ ውጭም ያገለግላችኋል። ነገ የክፍላችሁን የመጻሕፍት መዋሻ ደንብ፥ የስፖርት ቡድናችሁን ሥርዐት፥ ወይም የሰፈራችሁን ዕድር መተዳደሪያ እንድትጽፉ ትጠየቁ ይሆናል። ያን ጊዜ በወንዙ ዳር የቆመችውን ሐኪም አስታውሱ። የምትጽፉት ዐረፍተ ነገር ሸክም ይዞ የሚመጣ ሰው የሚሻገርበት ነው።

8. መልመጃ

መልመጃ አንድ፦ ከላይ ያነበባችሁትን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
1. የ1824ቱ የጦርነት ጨዋታ ደንብ በ1876 ለምን ተነቀፈ? በምትኩ የቀረበው ሐሳብ ምን ዐይነት ዳኛ ይጠይቃል?
2. «አጭር መሆንና ቀላል መሆን አንድ አይደሉም» የሚለውን ሐሳብ በምሳሌ አስረዱ።
3. ደንቡ ሲያጥር የሚጎዳው ማን ነው? ሲረዝምስ?

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ያላቸውን ጉድለት ከገለጻችሁ በኋላ አስተካክላችሁ ጻፏቸው።
1. ከ3 በታች ሲወጣለት ተራውን ይሰጠዋል።
2. ተጫዋቹ ጋሻ ካለው ዳይሱን እንደገና ይጥላል፤ መከላከያውም ከተሰበረ ዕቃውን ያጣል።
3. ሌሊት ሆኖ፥ ጨረቃ ሳትኖር፥ መብራትም ሳይያዝ፥ መንገዱም ሳይታወቅ ቀርቶ፥ ብቻውን ሲሄድ ዳይስ ጥሎ 1 ቢወጣ ይጠፋል።

መልመጃ ሦስት፦ «በሌሊት ጫካ ውስጥ መንገድ መፈለግ» ለተባለ ድርጊት ከአምስት ዐረፍተ ነገር የማይበልጥ ደንብ ጻፉ። ደንቡ ቢያንስ አንድ እውነተኛ ምርጫ ለተጫዋቹ የሚሰጥ ይሁን። ከዚያም ደብተራችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋወጡ፤ ጓደኛችሁ ምንም ሳይጠይቃችሁ በደንቡ መጫወት ይሞክር። ጥያቄ የጠየቀበትን ቦታ ምልክት አድርጉበትና ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉት።